ስንጥቅ የሰጠው፣ ስንጥቅ የነሳው

ከሎስ አንጀለስ የተነሣነው ጎህ ሳይቀድ ነው። ጋሼ ምሳቸውን ቋጥረው፣ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሙሉ ውሃ ከመኪናዬ ኋላ ጭነው ገቡ። የኛ ሰው ምግብ ቤትና ሱቅ የተደረደረበትን የፌርፋክስን ጎዳና በጨለማ ስናልፍ፣ "ወርቅ ልታሳየኝ ነው ወይስ ውሃ ልታሸክመኝ?" አሉኝ። ዕድሜያቸውን በጋራዥ ያሳለፉ፣ ከመርካቶ እስከ ካሊፎርኒያ ያልፈቱት ሞተር የሌለ መካኒክ ናቸው። አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ላሳያቸው የምወስዳቸው ነገርም የሞተር ዘመድ መሆኑን አልነገርኳቸውም።

ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ወደ ምሥራቅ ነድተን ጆሹዋ ትሪ ብሔራዊ ፓርክ ገባን። ሞሃቪና ኮሎራዶ የሚባሉት ሁለት በረሃዎች የሚገናኙበት አገር ነው። መኪናውን አቁመን በእግር ወጣን። መንገዱ ድሮ የጭነት ጋሪ የሚመላለስበት ነበር፤ ሦስት ኪሎ ሜትር ከምናምን ሽቅብ፣ ጥላ የለው፣ ውሃ የለው። ከፍታው 1,500 ሜትር ገደማ ስለሆነ ማለዳው ቆፈን ነው፤ ፀሐይዋ አንዴ ከወጣች በኋላ ግን ምሕረት የላትም። ጋሼ በየመቶ እርምጃው እየቆሙ ዙሪያውን ያያሉ። "ይኼ ሁሉ ተራራ አንድ ደህና ዛፍ የለውም?" አሉ። መልሱን ወደ በኋላ አቆየሁት።

ከአንድ ኩርባ በኋላ ታየን። ከተራራው ጎን የተለጠፈ፣ ፀሐይ ያጠቆረው የእንጨት ማማ። በውስጡ ጎን ለጎን የቆሙ ረጃጅም የብረት ዘንጎች፤ ከላያቸው አግድም የተዘረጋ ወፍራም ብረት፤ ከጎኑ ትልቅ መዘውር። ዙሪያው ታጥሯል። ጋሼ አጥሩን በሁለት እጃቸው ይዘው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

"ካምሻፍት ነው" አሉ በመጨረሻ። "ልጄ፣ ይኼ'ኮ ቫልቭ እንደሚያነሣው ካምሻፍት ያለ ነው። ግን እነዚህን የሚያካክሉ ዘንጎች አንሥቶ ምን ላይ ነው የሚጥላቸው?"

"ድንጋይ ላይ" አልኳቸው።

ቦታው ሎስት ሆርስ ይባላል፤ "የጠፋው ፈረስ" እንደማለት ነው። ዛሬ ፓርክ በሆነው ክልል ውስጥ 300 የሚጠጉ የማዕድን ቁፋሮዎች ተጀምረው ነበር። አብዛኞቹ ለባለቤታቸው ከድካም በቀር የረባ ነገር አላተረፉም። ይህቺ ካተረፉት ጥቂቶች አንዷ ናት። ከ1894 እስከ 1931 ድረስ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) 10,000 አውንስ ወርቅና 16,000 አውንስ ብር ሰጥታለች። አውንስ የኛ ወቄት የሩቅ ዘመድ ነው፤ በወርቅ ሚዛን 31 ግራም ገደማ ይሆናል። እንግዲህ ወርቁ በጠቅላላ 311 ኪሎ ነው ማለት ነው።

ሲሰሙት ብዙ ነው። ወርቅ ግን ክብደት እንጂ ስፋት የለውም። ያ ሁሉ ወርቅ ቀልጦና ረግቶ ቢለካ 16 ሊትር ያህል ብቻ ይሆናል። ጋሼ ከመኪናው ኋላ የጫኑት ጀሪካን ሁሉንም ይዞ አፉ ድረስ አይሞላም። ተራራው የተበሳው፣ ዛፉ ተጨፍጭፎ ያለቀው፣ ውሃው ሽቅብ የተገፋው፣ ባልንጀራ ባልንጀራውን የከዳው ለዚች ለማትሞላ ጀሪካን ነው።

ፍል ውሃው የተወው

"ማን አስቀመጠው እዚህ?" አሉ ጋሼ ከቋጥኝ ላይ አረፍ ብለው።

የተቀመጡበት ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር ድንጋይ ናይስ ይባላል። ዕድሜው 1.7 ቢሊዮን ዓመት ይጠጋል። አንድ ጊዜ ሌላ ዓይነት ድንጋይ ነበረ፤ ጥልቅ ምድር ውስጥ በሙቀትና በጫና እንደ ሊጥ ታሽቶ ነው ይህን መልክ የያዘው። መስመሮቹ የዚያ መታሸት ምልክት ናቸው። ብዙ ዘመን ካለፈ በኋላ፣ በዳይኖሰሮች ዘመን፣ ቀልጦ የነበረ ድንጋይ ከታች ተነሥቶ በዚህ ናይስ ውስጥ ሰረገ። ገጸ ምድር ሳይደርስ እዚያው ቀስ ብሎ በርዶ ግራናይት ሆነ። ዛሬ ወጣቶች በገመድ የሚወጡባቸው ድቡልቡል ቋጥኞች እሱው ናቸው፤ በላዩ የነበረው ድንጋይ ተሸርሽሮ ሲያልቅ ብቅ ያሉ።

ግራናይት በርዶ እስኪያልቅ ድረስ በዙሪያው ያለውን ውሃ ያግላል። የአዲስ አበባን ፍል ውሃ የታጠበ ሰው ይህን ውሃ በከፊል ያውቀዋል፤ ያለፈበትን ድንጋይ ቀምሶ የሚመጣ፣ ሽታና ጣዕም ያለው ውሃ። ጥልቅ ምድር ውስጥ ያለው ግን ከዚህ ይብሳል። ከ200 እስከ 400 ዲግሪ ድረስ ይግላል፤ ከላይ የተጫነው ተራራ እንዳይፈላ ያፍነዋል። እንዲህ ያለ ውሃ ድንጋይ ያሟሟል፤ ወርቅን እንኳ ሳይቀር ይሸከማል። ወርቅ ለብቻው ውሃ ውስጥ አይሟሟም፤ ከድኝ ጋር ሲጣመር ግን እሺ ይላል። ድኙ አህያው፣ ወርቁ ጭነቱ ነው ማለት ይቻላል።

ወርቅ በየትኛውም ተራ ድንጋይ ውስጥ አለ። ችግሩ በአንድ ቶን ድንጋይ ውስጥ ጥቂት ሚሊ ግራም ብቻ መሆኑ ነው። ሰው ቆፍሮ እንዲያተርፍ በሺዎች እጥፍ በአንድ ቦታ መከማቸት አለበት። የማከማቸቱን ሥራ የሚሠራው ስንጥቅ ነው።

ምድር ስትነቃነቅ ናይሱ ይሰነጠቃል። የታፈነው ውሃ ክፍተቱን አግኝቶ ሽቅብ ይሮጣል። ጫናው በድንገት ሲቀንስለት ይፈላል፤ ድኙ በእንፋሎት መልክ ጥሎት ይሄዳል ወይም ከብረት ጋር ተጣብቆ ይቀራል። አህያው ከሞተ ጭነቱ መሬት ነው፤ ወርቁ እዚያው ይወርዳል። አብሮት የተሟሟው የአሸዋ ዘር ደግሞ ነጭ ኳርትዝ ሆኖ ስንጥቁን ይሞላዋል። ዘወትር ውሃ የሚፈላበት ማንቆርቆሪያ ውስጡ ነጭ ቅርፊት ይዞ የለ? ነገሩ እንደዚያው ነው። ስንጥቁ ሲሞላ ይታሸጋል፤ ምድር እንደገና ስትነቃነቅ እንደገና ይቀደዳል፤ እንደገና ይሞላል። ቆፋሪዎች "ደም ሥር" የሚሉት ይህን ነው፤ በጥቁር ድንጋይ ውስጥ የሚሄድ፣ አንዳንዴ እንደ ክንድ የሚወፍር፣ አንዳንዴ እንደ ጣት የሚቀጥን የኳርትዝ መስመር።

ከመሬት በላይ ምልክቱ ዝገት ነው። ብረቱና ድኙ አንድ ላይ ሆነው የሠሩት፣ ሰዎች የሞኝ ወርቅ የሚሉት ፓይራይት፣ አየርና ዝናብ ሲያገኘው ይዝጋል። ነጩ ኳርትዝ በቀይና ቡናማ ይበከላል፤ ፓይራይቱ የነበረበት ቦታ እንደ ምስጥ የበላው እንጨት ባዶ ይቀራል። ወርቅ ግን አይዝግምና ከእስሩ ተፈትቶ ለብቻው ይቆያል። ለጥንት ቆፋሪ ከዚህ የተሻለ ድንጋይ አልነበረም፤ ወቅጦ ብቻ ወርቁን ማውጣት ይችላል። ጠለቅ ሲል ዝገቱ ያልደረሰበት ፓይራይት ይመጣል፤ እዚያ ወርቁ እንደታሰረ ነው።

ይህን ስናገር ጋሼ ስለ አዶላ ጠየቁኝ። እዚያ ሰው በገበቴ አጥቦ ያወጣ የለም እንዴ? እውነት ነው። ግን በአዶላና በሻኪሶ ወርቅ አጣቢው ሥራውን የሚጀምረው ዝናቡና ወንዙ ግማሹን ጨርሰውለት ነው። ዝናቡ ደም ሥሩን አፈራርሶ፣ ወንዙ ድንጋዩን አድቅቆ፣ ቀላሉን ጠርጎ ወስዶ፣ ከባዱን ወርቅ በደለል ሥር ያስቀምጥለታል። እዚህ በረሃ ዓመቱን ሙሉ የሚዘንበው ዝናብ የአዲስ አበባን የአንድ ሐምሌ ዝናብ አያህልም። ወርቁ ከደም ሥሩ ሳይወጣ፣ ሳይታጠብ፣ ድንጋዩ ውስጥ እንዳለ ይቀመጣል። ስለዚህ እዚህ ሰው ራሱ ወንዝ መሆን ነበረበት። መስበሩንም፣ ማድቀቁንም፣ ማጠቡንም እሱው ሊያደርገው ነው።

ፈረስ ፍለጋ

ታሪኩን ያቆየልን ቢል ኪስ የሚባል ሰው ነው። በ1910 አካባቢ ወደዚህ በረሃ መጥቶ፣ እርሻ ቆርጦ፣ እዚሁ አርጅቶ በ1969 የሞተ ነው። እንደ ኪስ ትረካ፣ በ1890 ገደማ ጆኒ ላንግ የሚባል ሰው ከአባቱ ጋር ከብት እየነዳ ወደዚህ ሸለቆ ይመጣል። አንድ ሌሊት ሰፍረው ባደሩበት ፈረሶቻቸው ይጠፋሉ። ዱካ ተከትሎ ቢሄድ የማክሄኒ ወንድማማቾች ሰፈር ደረሰ፤ ኋላ የኪስ እርሻ ወደሆነው ሥፍራ። ማክሄኒዎች በከብት ሌብነት የሚታሙ ሰዎች ነበሩ። "ፈረስህ እዚህ የለም፤ አገሩን ለቀህ ሂድ" አሉት።

ባዶ እጁን ሲመለስ ፍራንክ ዲቦልድ ከሚባል ሌላ ሰው ጋር ተገናኘ። እሱም የማክሄኒዎች ዛቻ ደርሶበታል፤ ጥሩ ወርቅ ያለበት ቦታ አግኝቶ ሳለ እነሱን ፈርቶ ወሰኑን መከለል አልቻለም። ላንግና አባቱ መብቱን በ1,000 ዶላር ገዙት። ከዚያ ላንግ አንድ ብልህ ነገር አደረገ፤ ሦስት ሸሪኮች ጨመረ። ብቻውን ያለ ባለ ወርቅ ይገደላል፤ አራት ሆነው ግን ገዳይ ያመነታል።

"ፈረሱስ?" አሉ ጋሼ።

"ታሪኩ ስለ ፈረሱ ከዚህ በኋላ አያወራም።"

"እንዴት አያወራም? ስሙ የተሰጠው በሱ አይደለም?"

እነ ላንግ በመጀመሪያ የሠሩባት ወፍጮ ሁለት ዘንግ ብቻ ያላት ትንሽ ነበረች። ነገሩ የተለወጠው በ1895 ነው። ጄ.ዲ. ራያን የሚባል ከሞንታና የመጣ ሀብታም ባለ ከብት የሸሪኮቹን ድርሻ ገዛና በኮሎራዶ ወንዝ አጠገብ የነበረ ባለ 10 ዘንግ የእንፋሎት ወፍጮ አስፈትቶ፣ ክፍል በክፍል አስጭኖ፣ እዚህ ተራራ ላይ አስገጠመው። ጋሼ አጥሩን ይዘው የሚያዩት እሱን ነው።

ባለ 10 ዘነዘና

ሥራው የሚጀምረው ከመሬት በታች ነው። ዋናው ጉድጓድ 150 ሜትር ያህል ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ከሱ ደግሞ ደም ሥሩን እየተከተሉ ወደ ጎን የሚሄዱ ዋሻዎች ተቆፍረዋል። በዚያን ዘመን በእንዲህ ያሉ ትናንሽ ጉድጓዶች ቆፋሪው በሻማ ብርሃን አንድ የብረት መሮ ይይዛል፤ በመዶሻ ይመታል፣ መሮውን ትንሽ ያዞራል፣ እንደገና ይመታል። ቀዳዳው ሲጠልቅ ድማሚት ይሞላበታል። ከፈነዳ በኋላ ኳርትዙ ተለይቶ ወደ ላይ ይጎተታል፤ ወርቅ የሌለው ድንጋይ ከጉድጓዱ አፍ ፊት ይደፋል። ዛሬ ከሩቅ የሚታየው ግራጫ ክምር እሱ ነው።

ኳርትዙ ወፍጮው አናት ላይ ይደርስና በገዛ ክብደቱ ወደ ታች መውረድ ይጀምራል። ወፍጮው ከተራራው ጎን የተለጠፈው ለዚህ ነው። ከላይ ድንጋይ፣ ከታች ወርቅ፤ በመሃል የሚገፋ ሰው አያስፈልግም።

አሠራሩን ለኛ ሰው ለማስረዳት ብዙ ቃል አይፈጅም፤ ሙቀጫና ዘነዘና ነው። እያንዳንዱ ዘነዘና በመቶዎች ኪሎ የሚመዝን ብረት ነው። የእንፋሎት ሞተሩ መዘውሩን ያዞራል፤ መዘውሩ ካምሻፍቱን፤ የካምሻፍቱ ጉብታ ዘነዘናውን ወደ አንድ ስንዝር ለሚጠጋ ከፍታ ያነሣውና ይለቀዋል። በዚያ ዘመን እንዲህ ያሉ ወፍጮዎች ዘነዘናቸውን በደቂቃ 90 ጊዜ ያህል ይጥሉ ነበር። እዚህ ቀንና ሌሊት፣ 24 ሰዓት ሳያቋርጥ ይወቀጥ ነበርና ድምፁ ሸለቆውን ሞልቶ ያስተጋባ ነበር ይባላል።

"ሁሉም አንድ ላይ አይወድቁም" አሉ ጋሼ፣ በጣታቸው አየር ላይ እያመለከቱ። "ጉብታዎቹን እያቸው፤ ተራ በተራ ነው። አንድ ላይ ቢወድቁ ቤቱ ይፈርሳል። ልክ እንደ ሲሊንደር ነው፤ ቅደም ተከተል አለው።" ስለ ወርቅ ስናገር ከነበሩበት ይልቅ አሁን ነቅተዋል።

በሙቀጫው ውስጥ ውሃ ይጨመራል። ድንጋዩ ደቆ በወንፊት ለማለፍ የሚበቃ ጭቃ ሲሆን ዘንበል ብለው በተነጠፉ የመዳብ ሳህኖች ላይ ይፈስሳል። ሳህኖቹ ሜርኩሪ ተቀብተዋል፤ አባቶቻችን ባዜቃ ይሉት የነበረው፣ ፈሳሽ ሆኖ የሚያብረቀርቅ ብረት። ሜርኩሪ ወርቅን ሲያገኝ ይውጠዋል። ጭቃው ይታጠባል፣ ወርቁ ሳህኑ ላይ ይቀራል። ሠራተኛው ወርቅና ሜርኩሪ የተዋሐዱበትን ልቁጥ ፍቆ ሰብስቦ በእጁ እንደ ኳስ ያድቦለቡለዋል። ኳሱ በዝግ ምጣድ ይጋገራል። ሜርኩሪ በ357 ዲግሪ ይተናል፤ እንፋሎቱ ቀዝቅዞ ለሚቀጥለው ቀን ይጠራቀማል፤ ከሥር ወርቁ ይቀራል። ያመለጠውን እንፋሎት የሚተነፍስ ሰው ግን በነርቩና በአእምሮው ይከፍላል። ዛሬም በብዙ አገር በባህላዊ መንገድ ወርቅ የሚያመርቱ ሰዎች ሜርኩሪን በክፍት መጥበሻ ላይ ሲያቃጥሉ የሚደርስባቸው ይኸው ነው።

ወፍጮው የሚበላው ድንጋይ ብቻ አልነበረም። ውሃ ይፈልግ ነበር፤ ራያን ከእርሻው አጠገብ ካሉ ምንጮች አምስት ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ቧንቧ፣ 5.6 ኪሎ ሜትር ርቀት፣ 230 ሜትር ያህል ሽቅብ አስገፍቶ አመጣው። ውሃውን ለመግፋት እንፋሎት ያስፈልጋል፤ ወፍጮውን ለማዞርም እንፋሎት። እንፋሎት ደግሞ ማገዶ ነው። በዙሪያው ያሉት ኮረብታዎች ላይ የነበረው ጥድ እየተቆረጠ ምድጃ ገባ።

ለጋሼ የጠዋት ጥያቄ መልስ የሰጠሁት ያኔ ነው። ዛፉ የት ሄደ ላሉት፣ ወደ ወፍጮው። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎታል፤ በረሃ ግን ቂም ይይዛል፤ ኮረብታዎቹ እስካሁን አላገገሙም። ጋሼ የራቁቱን ተራራ ትንሽ አይተው፣ "የኛም አገር ተራራ በዚሁ መንገድ አይደል ያለቀው፤ ያውም ያለ ወርቅ" አሉ።

የሌሊቱ ፈረቃ

ወርቁ በጡብ መልክ ተቀርጾ በየሳምንቱ ባኒንግ ወደምትባል ከተማ ይላክ ነበር። 16 ፈረስ በሚጎትተው የጭነት ጋሪ ውስጥ ተደብቆ፣ ደርሶ መልስ 209 ኪሎ ሜትር፣ አምስት ቀን። ጋሪው ሲመለስ ስንቅና ዕቃ ይዞ ይመጣል። በዚያን ጊዜ የአንድ አውንስ ዋጋ 20 ዶላር ከ67 ሳንቲም ነበር፤ መንግሥት ያጸናው ስለነበረ አይወጣም አይወርድም። ትርፉ የሚጨምረው ብዙ በመውቀጥ ብቻ ነው።

ላንግ ድርሻውን እንደያዘ የሌሊቱን ፈረቃ ይመራ ነበር። አንድ ነገር ግን አልገጠመም። የቀኑ ፈረቃ የቤዝቦል ኳስ የሚያህል ልቁጥ ሲያስረክብ፣ የላንግ የሌሊት ፈረቃ የሚያስረክበው የጎልፍ ኳስ የሚያህል ነው። ድንጋዩ ያው፣ ዘነዘናው ያው፣ ሰዓቱ ያው። ከራያን ሰዎች አንዱ ምሥጢሩን ደረሰበት፤ ላንግ ከሳህኑ ላይ ሲፍቅ እኩሌታውን ለራሱ ያስቀር ነበር።

እዚህ ላይ የወርቅ ሥራ ባሕርይ ይገለጣል። ከድንጋይ ጋር ሲታገል አሥር ብረት፣ ምድጃ፣ ቧንቧና በርካታ ሰው የሚጠይቅ ነገር፣ መጨረሻው ላይ ሲደርስ የአንድ ሰው መዳፍ ውስጥ ይገባል። ድካሙን የማይሰርቁት፣ ፍሬውን ግን በኪስ የሚወስዱት ንብረት ነው። ራያን ለላንግ ምርጫ ሰጠው፤ ድርሻህን ሽጥ ወይም እስር ቤት ግባ። ላንግ በ12,000 ዶላር ሸጦ አጠገቡ ወዳለ ሸለቆ ገባ፤ እዚያም መቆፈሩን ቀጠለ።

አላለቀም፤ ተሰበረ

ወፍጮው እስከ 1905 ወቀጠ። በዚያ ዓመት ቆፋሪዎቹ ደም ሥሩን ተከትለው ሲሄዱ በድንገት አጡት። ሳይቀጥን፣ ሳይደኸይ፣ በቢላ እንደተቆረጠ ሁሉ አቆመ። ከፊታቸው ያለው ባዶ ድንጋይ ነው። የምድር ስብራት ላይ ደርሰው ነበር።

ጋሼን እንዲህ አልኳቸው፤ አንድ ቁልል እንጀራ ያስቡ፤ ሁሉም ነጭ፣ ከመሃል አንዱ ብቻ ቀይ። ቀዩ ወርቁ ነው። አሁን ቁልሉን ለሁለት ቆርጠው ግማሹን ዝቅ ቢያደርጉትስ? ቀዩን ከግራ ጀምሮ ሲበላ የመጣ ሰው ቆረጣው ላይ ሲደርስ ከፊቱ ነጭ እንጀራ ያገኛል። ቀዩ አለ፤ ግን ከፍ ብሎ ይሁን ዝቅ ብሎ፣ ቅርብ ይሁን ሩቅ አያውቅም። ቁልሉ ደግሞ ጠንካራ ድንጋይ ነው፤ እያንዳንዱ ክንድ ድማሚትና ደመወዝ ይጠይቃል።

የጂኦሎጂ ሰው እንዲህ ያለ ቦታ ሲደርስ የሚያያቸው ምልክቶች አሉ። ስብራቱ ሲንሸራተት የደም ሥሩን ጫፍ ወደሄደበት አቅጣጫ ይጎትተዋል፤ የጫፉ መታጠፍ የጎደለው ግማሽ ወዴት እንደሄደ ይጠቁማል። ሁለቱ ድንጋዮች የተፋተጉበት ፊት እንደ መስታወት ይለሰልሳል፤ ላዩ ላይ ጭረት ይቀራል፤ ጭረቱ የሄደበትን መስመር ይናገራል። በመሃላቸው የተፈጨው ጭቃ ውስጥ ደግሞ አንዳንዴ ከደም ሥሩ የተቆረሰ ፍርፋሪ ይገኛል፤ እንደ ደም ጠብታ ዱካ ሆኖ ይመራል። ምልክቶቹ ሲሠሩ ይሠራሉ፤ ስብራቱ ከአንድ ጊዜ በላይ ከተንሸራተተ ግን እርስ በርሳቸው ይጣላሉ። በሎስት ሆርስ የደም ሥሩን ሌላ ግማሽ ያገኘ የለም።

ጋሼ ለትንሽ ጊዜ ዝም ብለው ጺማቸውን ዳሰሱ። "ባለ መኪናዎች ሲመጡ ሁልጊዜ 'ሞተሩ አለቀ' ይሉኛል" አሉ። "ያለቀና የተሰበረ አንድ አይደለም። ያለቀ ብረት ሟሟ፣ የለም። የተሰበረ ግን ሁለቱም ቁራጭ እዚያው አለ። ይኼ ጉድጓድ አላለቀም፤ ተሰበረ እንጂ።"

ልክ ናቸው። እንዲያውም ነገሩ ከዚህ የበለጠ የተጠላለፈ ነው። ወርቁን ያመጣው ስንጥቅ ነበር፤ የወሰደውም ስንጥቅ። አንደኛው ተከፍቶ ተሞላ፣ ሌላው ተንሸራትቶ ቆረጠ። በመሃላቸው ያለፈው ዘመን ለምድር ምኗም አይደለም። እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በ2005 በአፋር፣ በዳባሁ፣ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ምድር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በአንዳንድ ቦታ እስከ ስምንት ሜትር ተከፍቷል። ምድር ስትሰነጠቅ ሰው ቆሞ ሊያይ በሚችለው ፍጥነት የሚሆንበት ጊዜም አለ።

ጠጠሩ

ከ1905 በኋላ ጉድጓዱ ለሌሎች ተከራየ፤ የረባ ወርቅ ግን አልወጣም። እስከ 1931 ድረስ። በዚያ ዓመት ሰዎች ወደ ጉድጓዱ ሳይሆን ወደ ቆሻሻው መጡ።

ሜርኩሪ ሁሉን አይዝም። እጅግ የደቀቀ ወርቅ ከጭቃው ጋር ያልፋል፤ በዝገት የተሸፈነውም ሜርኩሪውን ሳይነካ ይሄዳል፤ በፓይራይት የታሰረው ደግሞ ከናካቴው አይታይም። ይህ ሁሉ ከወፍጮው ሥር እንደ አተላ ተከምሮ ነበር። በ1887 በስኮትላንድ ግላስጎው ማክአርተርና ፎረስት የተባሉ ሰዎች ያገኙት የሲያናይድ ዘዴ እዚህ ላይ ጠቀመ። እጅግ የቀጠነ የሲያናይድ ውሃ በአየር እየታገዘ በክምሩ ውስጥ ሲያልፍ ወርቁን ያሟሟል፤ ጥንት ድኝ ያደረገውን መርዙ ይደግመዋል። ከዚያ ወርቁ ከውሃው መልሶ ይለያል። ከ600 ቶን አተላ ጥቂት መቶ አውንስ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ሎስት ሆርስ የረባ ወርቅ አልሰጠችም።

ላንግ ይህን አላየም። ጉድጓዱ ከተተወ በኋላ ወደ ቀድሞ ቦታው ተመልሶ በወፍጮው ማብሰያ ቤት ይኖር ነበር። አልፎ አልፎ ለቢል ኪስ ቁራጭ ወርቅ ይሸጥለታል። ኪስና ሌሎችም የጠረጠሩት ከሌሊቱ ፈረቃ የሰረቀውን፣ በየቦታው የቀበረውን እያወጣ መሆኑን ነው። በ1925 ክረምት፣ በፈረንጆቹ የብርድ ወራት፣ አርጅቶ ደክሞ ሳለ ከሸለቆው በእግሩ ሊወጣ ተነሣ። ዛሬ መኪና በሚያልፍበት መንገድ ዳር፣ በሸራ መኝታው ውስጥ እንደተጠቀለለ በብርድ ሞተ። ኪስ ሬሳውን አግኝቶ የቀበረው ከሁለት ወር በኋላ ነው።

ወርቅ ላበደረ ጠጠር ይባላል። ተራራው ወርቁን አበደረ፤ የተመለሰለት ከወፍጮው ሥር ተዘርግቶ የሚታየው ይህ ግራጫ አተላ ነው። ሣር እንኳ ያልወደደው።

ዛሬ የጉድጓዱ አፍ የተዘጋ ነው፤ መዘጋቱም ተገቢ ነው። የተተወ ጉድጓድ ውስጥ ምሰሶው ይበሰብሳል፤ አየሩ ኦክስጅን ያጣል፤ ሳይሸት፣ ሳይታይ ሰው ይጥላል። በፓርኩ ውስጥ ካሉ ጉድጓዶች አንዳንዶቹ ሰው የማያስገባ፣ የሌሊት ወፍ ግን የሚያስገባ የብረት ፍርግርግ ተደርጎላቸዋል። ወርቅ ያጣው ዋሻ ቢያንስ ለአንድ ፍጥረት ቤት ሆኗል።

ከተራራው አፋፍ

ከሰዓት በኋላ በመኪና ወደ ኪስ ቪው ወጣን፤ በዚያ በኪስ ስም የተጠራ፣ 1,580 ሜትር ከፍታ ያለው አፋፍ። ከሥሩ የኮቼላ ሸለቆ ተዘርግቷል። ከሸለቆው ወለል ላይ እንደ እባብ የተጋደሙ ደረቅ ኮረብቶች አሉ፤ ኢንዲዮ ሂልስ። እነሱን ያቆማቸው የሳን አንድሪያስ ስብራት ነው፤ ካሊፎርኒያን ቆርጦ የሚያልፈው፣ ከምድር ቅርፊት ታላላቅ ሰሌዳዎች ሁለቱን የሚለየው። ጋሼ ጣቴን ተከትለው መስመሩን አዩት።

"ይኼኛው ደግሞ ምን ይሰጣል?" አሉ።

ውሃ ይሰጣል። ስብራቱ ሲፈጭ የሠራው ጭቃ ከመሬት በታች እንደ ግድብ ነው፤ ከተራራው የሚወርደውን የከርሰ ምድር ውሃ ይገታውና ወደ ላይ ይገፋዋል። ስለዚህ በዚያ ደረቅ ኮረብታ ሥር፣ በስብራቱ መስመር ላይ፣ ዘንባባ በቅሏል። ከፓርኩ በስተ ሰሜን ትዌንቲናይን ፓልምስ በምትባለው ከተማ አጠገብ ያለው የማራ ምንጭም እንዲሁ የሌላ ስብራት ልጅ ነው። እዚህ አገር ሰው ከወርቁ በፊት ብዙ ዘመን በነዚህ ውሃዎች ዙሪያ ኖሯል።

ጋሼ ከጀሪካኑ በብርጭቆ ቀድተው ጠጡ፤ ለኔም ቀዱልኝ። ውሃው ቀኑን ሙሉ መኪና ውስጥ ውሎ ሞቋል። ከዚያ ድንገት የሆነ ነገር እንደመጣላቸው ሰው ወደኔ ዞሩ።

"ያ ፈረስ" አሉ። "የነዚያ ሌቦች ሰፈር ውሃ ነበረው?"

"ጉድጓድ ነበራቸው። ኋላም የኪስ እርሻ የሆነው ውሃ ስለነበረው ነው።"

"ታዲያ ማን ሰረቀው?" አሉ ብርጭቆውን እየዘቀዘቁ። "ፈረሱ የጠፋ መስሏቸው ስሙን ለጉድጓዱ አወጡለት። እሱ'ኮ ውሃ ሸትቶት ነው የሄደው።"